የአራሚስ ኖራ ምን ይናገራል? ስለ ታሪክ ክርክራችን፣ ስለ ካርቦንና ስለ መለኪያው

የታሪክ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር እኛ ኢትዮጵያውያን የምንጣላው በቁጥር ነው። አንዱ «የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ አለን» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ መቶ ዓመት ነው» ብሎ ይነሣል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ትቶ «እኛ እኮ የሰው ዘር መገኛ ነን» በማለት ወደ ሚሊዮኖቹ ይሻገራል። በስብሰባ አዳራሽም ይሁን በሬዲዮ፣ በሠርግ ቤትም ይሁን በለቅሶ ቤት ክርክሩ ይጦፋል። ቁጥሩ ከየት መጣ? በምን ተለካ? የልኬቱ የስህተት ወሰን ምን ያህል ነው? ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚያ ሙግት ውስጥ ወገን ለመያዝ አይደለም። ከሦስቱ ቁጥሮች ትልቁን፣ የሚሊዮኖቹን ታሪክ ወስጄ፣ በእኛው አፈር ላይ የተነሣ አንድ የሳይንስ ክርክር እንዴት እንደተካሄደ ለማሳየት ነው። ክርክሩ የተንጠለጠለው በአንዲት ትንሽ ቁጥር ላይ ነው። ካርቦን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ወጥቶ በውሃ ወደሚሟሟ ካርቦኔት፣ ከዚያም ወደ ኖራ ሲሸጋገር የሚያሳየው የክብደት ለውጥ ናት ቁጥሯ።

እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ የዕለት እንጀራዬም ጋዝን በሌዘር ከሚለኩ መሣሪያዎች ጋር የተያያዘ ነው። የምኖረው በኦክላንድና በበርክሌይ መካከል በተሸጎጠችው፣ የሳን ፍራንሲስኮን ባሕረ ሰላጤ ተጠግታ በተሠራችው ትንሿ ኤመሪቪል ነው። ይህን የምጠቅሰው አለምክንያት አይደለም። የምነግራችሁ ታሪክ አንድ እግሩ አፋር ምድር ላይ ሲሆን ሌላው እግሩ እዚሁ እኔ ሰፈር ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካርቦን በሰፌድ

ካርቦን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በተፈጥሮ ከሚገኘው ካርቦን ውስጥ 98.9 በመቶው ካርቦን-12 ሲሆን፣ 1.1 በመቶ የሚሆነው በአንድ ኒውትሮን የሚከብደው ካርቦን-13 ነው። እጅግ ጥቂት የሆነው ካርቦን-14 ደግሞ እየፈረሰ የሚሄድ ነው። ሦስቱም በኬሚስትሪ ጠባያቸው ወንድማማቾች ናቸው፤ የሚለያዩት በክብደት ነው። ተፈጥሮ ግን ይህችን ጥቂት የክብደት ልዩነት ታውቃለች። እናቶቻችን እህል በሰፌድ ሲያበጥሩ ቀላሉ ወደ አንድ ወገን፣ ከባዱ ወደ ሌላ ወገን እንደሚሰበሰብ ሁሉ፣ ካርቦንም ከአንድ ውሁድ ወደ ሌላ ባለፈ ቁጥር ይበጠራል። ሳይንቲስቶች የአይሶቶፕ መለያየት የሚሉትን ይህን ነገር እኔ ብጠራ ብዬ እጠራዋለሁ።

ምሳሌ ለመስጠት ያህል አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ እናስብ። ክዳኑ ሳይከፈት ከላይ ባለው ክፍተት ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋዝነቱ አለ። በውሃው ውስጥ ደግሞ ካርቦን በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ ሟሙቶ የቆየው ጋዝ፣ ሌላው ባይካርቦኔት ነው። አተሞቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ያለማቋረጥ ይመላለሳሉ። ሆኖም ምልልሱ ተረጋግቶ ሚዛን ላይ ሲደርስ ካርቦን-13 እኩል አይከፋፈልም። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ፣ በባይካርቦኔቱ ውስጥ ያለው የካርቦን-13 ድርሻ በጋዙ ውስጥ ካለው በሺህ 8 ያህል ይበልጣል። ጠርሙሱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ልዩነቱ ወደ 11 ይጠጋል። ምክንያቱም በባይካርቦኔት ውስጥ ካርቦኑ በሦስት ኦክስጅኖች ተከቦ ጠበቅ ብሎ ታስሯል፤ ከባዱ አተም ደግሞ ጠበቅ ያለ ትስስር ያለበትን ቦታ ይመርጣል። ሙቀት ሲጨምር ይህ ምርጫ እየላላ ይሄዳል። ባይካርቦኔቱ በመጨረሻ ረግቶ ኖራ ሲሆን በሺህ 1 ያህል ይጨመርበታል። ስለዚህ በ25 ዲግሪ ከጋዝ እስከ ኖራ ያለው ጉዞ በድምሩ በሺህ 9 ያህል ነው ማለት ነው።

በሺህ 9! ከሺህ ፍሬ ጤፍ ዘጠኝ ፍሬ እንደማለት ነው። ይህችን የመሰለች ኢምንት ቁጥር የአህጉር ታሪክ ትነግራለች ቢባል ማን ያምናል? ነገር ግን ቁጥሯ ትንሽ ብትሆንም ታማኝ ናት። በዚያው ሙቀት ሚዛን ላይ እስከደረሰ ድረስ ብጠራው በአምቦም በአራሚስም፣ ትናንትም ከአራት ሚሊዮን ዓመት በፊትም ያው ነው። የሰው ምስክር ይለዋወጣል፤ ይህኛው ምስክር ግን ቃሉን አይለውጥም።

መለኪያው እንዴት ተገኘ?

የዚህ ሙያ ታሪክ ረጅም አይደለም። በ1939 አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ አልፍሬድ ኒር ከባልደረባው ጋር ሆኖ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለው የካርቦን-13 ድርሻ በዕፅዋት ውስጥ ካለው እንደሚበልጥ አሳየ። በዓመቱ፣ በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1940፣ በበርክሌይ ማርቲን ካመንና ሳም ሩበን የተባሉ ሁለት ወጣቶች ካርቦን-14ን አገኙ። የሁለቱ ዕጣ ግን አሳዛኝ ነበር። ሩበን በ1943 ለጦርነቱ ሥራ ሲባል በመርዝ ጋዝ ላይ ምርምር ሲያደርግ በደረሰ አደጋ በ29 ዓመቱ ሞተ። ካመን ደግሞ በ1944 በጥርጣሬ ብቻ ከሥራው ተባረረ፤ ፓስፖርትም ለዓመታት ተከለከለ። የኋላ ኋላ ስሙ ጸድቶ በ1995 የኤንሪኮ ፈርሚ ሽልማት ተሰጠው። በፖለቲካ ጥርጣሬ ምሁሯን የምታባርር አገር እኛ ብቻ እንዳልነበርን በማስታወስ ልለፈው።

ብጠራው በስሌት ሊተነበይ እንደሚችል ያሳየው ሃሮልድ ዩሪ ነው፤ ዘመኑም 1947 ነበር። የዩሪ ደቀ መዝሙር የነበረው ሃርመን ክሬግ በ1953 አየሩን፣ ባሕሩን፣ ዕፅዋቱንና ዓለቱን ለክቶ የካርቦንን አይሶቶፖች አጠቃላይ ካርታ አወጣ። እነዚህ ሰዎች ከሁሉ በፊት ያደረጉት ነገር ትልቅ ትምህርት አለው፤ አንድ የጋራ መስፈርት መረጡ። መስፈርቱ በደቡብ ካሮላይና ፒ ዲ ከሚባል የዓለት ክምችት የተገኘ የጥንት የባሕር እንስሳ ቅሪት ነበር። ከዚያ በኋላ በዓለም ያለ ቤተ ሙከራ ሁሉ «ከዚህ መስፈርት በሺህ ይህን ያህል ይበልጣል፣ ይህን ያህል ያንሳል» እያለ በአንድ ቋንቋ መነጋገር ጀመረ። ያ ድንጋይ ተፈጭቶ ካለቀ በኋላም በቪየና የሚገኘው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በሚያቀርባቸው መስፈርቶች ተተክቷል። በየገበያው ቁና በሚለያይበት አገር ላደግን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይባላል፤ እነርሱ ገና ከመነሻው ቁናውን አንድ አደረጉት።

ይኸው ሃርመን ክሬግ በ1970ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የስምጥ ሸለቆን ፍል ውሃዎች አጥንቷል፤ የጥናቱም ዘገባ በ1977 ወጥቷል። አብዮቱ በሚንቀለቀልበት በዚያ ዘመን፣ ከሰማይ የወረደውን ውሃና ከምድር ጥልቅ የሚወጣውን ጋዝ በአይሶቶፕ እየለየ ይመዘግብ ነበር።

ጤፍ ሌላ፣ ስንዴ ሌላ

አሁን ወደ አፈሩ ከመውረዳችን በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ እሱም ዕፅዋት ካርቦንን የሚያበጥሩበት ሰፌድ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን የፎቶሲንተሲስ መንገድ የበርክሌዩ ሜልቪን ካልቪን ከአንድሩ ቤንሰንና ከጄምስ ባሻም ጋር ሆኖ በካርቦን-14 እየተከታተለ ገለጠው፤ ካልቪን በ1961 የኖቤል ሽልማት የተቀበለውም ለዚሁ ሥራ ነው። ይህ መንገድ ሲ-3 ይባላል። ሁለተኛውን መንገድ፣ ሲ-4 የሚባለውን፣ ሃችና ስላክ የተባሉ ተመራማሪዎች አውስትራሊያ ውስጥ በ1966 አብራሩት።

ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎች፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ቡናና እንሰት የሲ-3 ወገን ናቸው። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ እንዲሁም አብዛኛው የቆላ ሣር የሲ-4 ወገን ነው። የሲ-3 ዕፅዋት ካርቦን ከመስፈርቱ በሺህ 27 ያህል ያነሰ ካርቦን-13 ሲይዝ፣ የሲ-4 ግን በሺህ 12 ያህል ብቻ ያንሳል። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ የጤፍ እንጀራ የበላ የጎጃም ገበሬና ዕድሜውን ሙሉ ቆጮ የበላ የጉራጌ ገበሬ የጥርሳቸው ካርቦን የተለያየ ነው። እዚህ በቤይ ኤርያ ጤፉን በስንዴና በገብስ ዱቄት እያቃጠልን የምንጋግራት እንጀራም ብትለካ ጉዷ ይወጣ ነበር!

ዛፉም ሣሩም ሲሞት፣ ሥሩም ሲተነፍስ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አፈሩ ይለቃል። ጋዙ በአፈሩ ቀዳዳዎች ወደ ላይ ሲወጣ ቀላሉ ስለሚቀድም፣ የቀረው በሺህ 4.4 ያህል ይከብዳል። ከዚያ ጋዙ በአፈሩ እርጥበት ይሟሟና ባይካርቦኔት ይሆናል፤ ዝናቡ አልፎ አፈሩ ሲደርቅ ደግሞ ነጭ የኖራ እንክብል ሆኖ ይረጋል። በአፋርም በኦሞም በደረቅ መሬት የሄደ ሰው እነዚህን ነጭ እንክብሎች ሳያውቃቸው ረግጧቸዋል። ሁለቱ ብጠራዎች ሲደመሩ፣ ከዕፅዋቱ እስከ ኖራው ያለው ልዩነት እንደ አፈሩ ሙቀት በሺህ ከ13 እስከ 17 ይደርሳል። ስለዚህ ጥቅጥቅ ባለ ደን ሥር የበቀለ ኖራ ከመስፈርቱ በሺህ 12 ያህል ያነሰ ይሆናል፤ በንጹሕ የቆላ ሣር ሥር የበቀለው ደግሞ በሺህ 2 ያህል የበለጠ። በሁለቱ መካከል ያለው የ14 ክፍተት የዛፍና የሣር ሚዛን ነው ማለት ይቻላል። ይህን ዘዴ በ1984 ባሳተመው ጥናት መልክ ያስያዘው ቱሬ ሰርሊንግ ነው። ሰርሊንግ ዶክትሬቱን የሠራው እዚሁ በርክሌይ ሲሆን፣ የጥናቱ ቦታም የኦሞ ወንዝ የሚገባበት የቱርካና ሐይቅ ተፋሰስ ነበር።

አርዲ የቆመችው በምን ላይ ነው?

የመካከለኛው አዋሽን ምርምር በ1981 የጀመረው የበርክሌዩ ዴዝሞንድ ክላርክ ነው። ከዚያ ትምህርት ቤት የኢትዮጵያ ልጆችም ወጥተዋል። ዶክተር ብርሃኔ አስፋው በ1988፣ ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ በ2001 ዶክትሬታቸውን ከበርክሌይ አግኝተዋል። በ1992 መጨረሻ አራሚስ በተባለው የአፋር መሬት የመጀመሪያው ጥርስ ተገኘ፤ በ1994 ቲም ዋይት፣ ገን ሱዋና ብርሃኔ አስፋው ግኝቱን ለዓለም አስታወቁ። ስሙም ከአፋርኛ ተወሰደ፤ አርዲ ማለት ምድር፣ ራሚድ ማለት ሥር ነው። በዚያው በ1994 በኖቬምበር ወር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ገና ተማሪ ሳሉ የእጅ አጥንት ስባሪ አገኙ፤ ከስባሪውም በኋላ አርዲ የተባለችው አጽም ተከትላ ወጣች። ዕድሜዋ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ነው። ይህ ግምት አይደለም፤ አጽሟ በሁለት የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች መካከል ስለተገኘች ነው። የታችኛው ንጣፍ ጋዓላ፣ በአፋርኛ ግመል ተብሎ ተሰይሟል።

አርዲ እስክትጸዳና እስክትጠና ዐሥራ አምስት ዓመት ወሰደ። በኦክቶበር 2009 ሳይንስ በተባለው መጽሔት 11 ጥናቶች በአንድ ጊዜ ወጡ፤ ጋዜጣዊ መግለጫውም በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ ባንድነት ተሰጠ። ከ11ዱ አንዱ፣ የአካባቢውን አፈር፣ ዕፅዋትና አይሶቶፕ የሚመለከተው ጥናት፣ መሪ ጸሐፊው በሎስ አላሞስ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ግደይ ወልደገብርኤል ናቸው። የአይሶቶፑን ሥራ የመራው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ስታንሊ አምብሮዝ ነበር።

ጥናቱ ያመጣው መልእክት ከባድ ነበር። ከ1920ዎቹ ጀምሮ በትምህርት ቤት ሲነገር የኖረው ነገር፣ ደኑ ሲሳሳና የሣር ሜዳው ሲሰፋ ቅድመ አያቶቻችን በሁለት እግራቸው ለመቆም ተገደዱ የሚል ነው። የአራሚስ ቡድን ግን ይህ ትክክል አይደለም አለ። አርዲ በሁለት እግሯ ትራመድ ነበር፤ ነገር ግን የኖረችው በዛፍ መካከል ነው። ከ150,000 በላይ የእንስሳትና የዕፅዋት ቅሪቶች ተሰብስበዋል፤ ከትልልቆቹ እንስሳት መካከል የበዙት የአጋዘንና የጉሬዛ ዘመዶች ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ዛፍ የሚወዱ ናቸው። የአርዲና የወገኖቿ ጥርስም ሲለካ ምግባቸው በአብዛኛው ከሲ-3 ወገን ሆነ።

በሜይ 2010 በዚያው መጽሔት ላይ መልስ መጣ። መላሹ ቱሬ ሰርሊንግ ነው፤ ከጎኑም ኔዎሚ ሌቪን፣ ጄይ ኳድና ሌሎችም ነበሩ። እነርሱም እንዲህ አሉ፦ እናንተው ያወጣችሁትን የኖራ ልኬት እኛ ስናነበው የሚታየን ሣር የበዛበት፣ የዛፍ ጥላው ከመሬቱ 25 በመቶ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ሳቫና ነው፤ ስለዚህ የሣሩ ሜዳ ሐሳብ ተረታ ለማለት ይህ አይበቃም። ዋይት፣ አምብሮዝ፣ ሱዋና ግደይ ወልደገብርኤል በዚያው እትም መለሱ። የአርዲ ወገኖች የተገኙት ዛፍ በበዛበት በምዕራቡ ክፍል ነው፤ ሣሩ እየበዛ በሚሄድበት በደቡብ ምሥራቁ ወገን አጽማቸው ጠፍቷል፤ ስለዚህ ኖራውን ብቻ ሳይሆን ጥርሱን፣ እንጨቱን፣ እንስሳቱን አንድ ላይ ማንበብ ይገባል አሉ። በ2011 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የወንዝ ዳር ደን የሚል ሦስተኛ ንባብ አቀረቡ። በዚያው ዓመት ሰርሊንግና ባልደረቦቹ ያለፉትን 6 ሚሊዮን ዓመታት አጠቃለው፣ የጥንት ሰው ቅሪት በተገኘባቸው በአብዛኞቹ የምሥራቅ አፍሪካ ቦታዎች የዛፍ ሽፋኑ ከ40 በመቶ በታች እንደነበር ጻፉ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን፣ ሁለቱም ወገኖች የተከራከሩት በአንድ ቁጥር ላይ መሆኑ ነው። «ልኬትህ ውሸት ነው» ያለ የለም። «ከማን ተልከህ ነው?» ያለም የለም። የተለያዩት ከልኬቱ በኋላ ባለው መንገድ ነው፤ ከኖራው ወደ ዛፉ ጥላ የሚወስደው ስሌት ምን ያህል ይታመናል? እንክብሉ የተነሣው ከየትኛው ቦታ ነው? እንክብሉ ለብዙ ዘመን ሲያድግ በላዩ የተፈራረቁትን ዕፅዋት አንድ ላይ አይደባልቅም ወይ? በሚሉት ጥያቄዎች ነው።

መሐንዲስ ነኝና አንዱን ጥያቄ ራሴ በወረቀት ላይ ላስላው። ከጋዝ ወደ ኖራ ያለው ብጠራ ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በሺህ 0.12 ያህል ይቀንሳል። የጥንቱ አፈር 25 ዲግሪ ነበር ብለን ብናሰላና በእውነቱ 35 ቢሆን፣ ስህተታችን በሺህ 1.2 ይሆናል። ከደን እስከ ሣር ያለው ጠቅላላ ክፍተት ደግሞ 14 ነው። 1.2ን ለ14 ብናካፍል 9 በመቶ ያህል ይመጣል። ይህ ማለት ጥላ የሌለው የአፋር አፈር ምን ያህል ይግል እንደነበር ሳናውቅ ብንቀር፣ የሣሩን መጠን እስከ 9 በመቶ ልናዛባ እንችላለን ማለት ነው። ጥላ ካለ አፈሩ ይቀዘቅዛል፤ ጥላ ከሌለ ይግላል። የምንፈልገው መልስ በመለኪያው ውስጥ ተመልሶ ይገባል! ክርክሩ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሲደርስ ነው ጣዕም የሚኖረው።

በዚህ መንገድ ሌሎቹ የአፋር ቦታዎችም ተነብበዋል። በዶክተር ስለሺ ሰማው የሚመራው የጎና ቡድን የአርዲን ዘመዶች በ2005 ሲያስታውቅ ዛፍና ሣር የተቀላቀለበት አካባቢ እንደነበር በአይሶቶፕ አሳይቷል። በ2013 ደግሞ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ዶክተር ዘላለም በዳሶ ከሌሎች ጋር ሆነው የድንቅነሽን ወገኖች ጥርስ አጥንተው፣ ምግባቸው ከዛፍ ፍሬ አልፎ የሲ-4 ወገን የሆኑትንም በሰፊው እንደሚጨምር አረጋገጡ። ከአርዲ እስከ ድንቅነሽ ባለው አንድ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ የገበታችን ካርቦን ተለውጧል ማለት ነው።

የኤመሪቪል ጉብታ

ስለ እኛ አፈር ይህን ያህል ካልኩ፣ የምኖርባትን ከተማ አፈር ባልፈው ደግ አይሆንም። ኤመሪቪል ውስጥ ሼልማውንድ የሚባል ጎዳና አለ፤ ትርጉሙ የዛጎል ጉብታ ነው። የዚህ አገር ጥንተ ነዋሪዎች የሆኑት የኦሎኒ ሕዝብ የበሉትን የባሕር ዛጎል እየከመሩ፣ ሙታናቸውንም በውስጡ እየቀበሩ፣ ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈው ትልቅ ጉብታ ሠርተው ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን በላዩ የመዝናኛና የዳንስ ቦታ ተሠራበት። ማክስ ኡሌ በ1902፣ ኔልስ ኔልሰን በ1906 ቆፍረው አጠኑት። በ1924 ተደረመሰ፤ ፋብሪካ ተተከለበት። ዛሬ ከ2002 ጀምሮ የሚሠራ የገበያ ማዕከል ቆሞበታል። አብዛኛው የአገሬ ሰው ጫማና ልብስ ሲገዛበት የመቃብር ስፍራ መሆኑን አያውቅም።

የዛጎልም ነገር ያው የካርቦን ነገር ነው። ዛጎል የሚሠራው በባሕር ውሃ ከሟሟው ባይካርቦኔት ነው። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመስፈርቱ በሺህ 6.5 ያህል ሲያንስ፣ የባሕሩ ገጽ በሺህ 1.5 ያህል ይበልጥ ነበር። ልዩነቱ 8፤ በአምቦ ጠርሙሳችን ያየናት ቁጥር ማለት ነው። የዛጎልን ዕድሜ በካርቦን-14 የሚለካ ሰው ይህን ብጠራ ካላረመ ይስታል፤ በካርቦን-13 ላይ ያልታረመ እያንዳንዱ በሺህ 1 የዕድሜውን ስሌት በ16 ዓመት ያህል ያዛባል። በዚህም ላይ በካሊፎርኒያ ጠረፍ ከጥልቁ የሚወጣው ውሃ አሮጌ ካርቦን ስለሚይዝ ዛጎሉ ከዕድሜው በመቶዎች ዓመታት ያረጀ ይመስላል።

የኦሎኒዎች ታሪክ የተነበበው እንዲህ ነው፤ ነገር ግን ያነበቡት እነርሱ አልነበሩም። ጉብታው ፈረሰ፤ ዛጎሉና አጥንቱ በዩኒቨርሲቲ ሣጥን ገባ፤ የአባቶቻቸውን ዕድሜ ሌላ ሰው ሰፍሮ ነገራቸው። ሕዝብ ታሪኩን የሚያጣው አጥንቱ ሲወሰድበት ብቻ አይደለም፤ መለኪያው በእጁ ሳይኖር ሲቀርም ነው።

ምን እናድርግ?

ከ2007 እስከ 2013 ድንቅነሽ በአሜሪካ በምትዘዋወርበት ጊዜ በዲያስፖራው ብዙ ተብሏል። አጥንቷ ከአገር መውጣት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም? በዚህ ላይ ስንት ወረቀት ጽፈናል። ከጥርስ ተፍቆ፣ ከእንክብል ተሰርስሮ በትንሽ ብልቃጥ ስለሚወጣው ነጭ ዱቄት፣ ስለሚለካበት ማሽንና ስለ ማሽኑ ባለሙያ ግን ሲጠየቅ አልሰማሁም። አጥንቱ ምስል ነው፤ ዱቄቱ ግን ጽሑፍ ነው። እኛ ለምስሉ ስንሟገት ጽሑፉን ሌላው ያነብልናል።

ይህን ስል የውጭ ተመራማሪዎችን ለመውቀስ አይደለም። አርዲ ዛሬ ያለችው አዲስ አበባ ነው፤ የጥናቱም ስሞች ዝርዝር ውስጥ ግደይ፣ ብርሃኔና ዮሐንስ አሉ። መሠረቱ ተጥሏል። የሚቀረው እጅግ ብዙ ቢሆንም የማይቻል አይደለም። ድሮ አንድ ማስ ስፔክትሮሜትር ሰፊ ክፍል፣ ብርቱ ኤሌክትሪክና ዘወትር የሚጠብቀው ሰው ይፈልግ ነበር። ዛሬ እዚሁ ቤይ ኤርያ የሚሠሩት የሌዘር መሣሪያዎች ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድን አይሶቶፕ በደቂቃዎች ይለካሉ። ለእያንዳንዱ ሥራ ማስ ስፔክትሮሜትሩን አይተኩም፤ ተማሪ ለማሠልጠንና ለመጀመር ግን ይበቃሉ።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። ናሙና ከአገር ሲወጣ ከናሙናው ጋር አንድ ተማሪ ይውጣ፤ ውጤቱ ሲመለስ ከውጤቱ ጋር አንድ መሣሪያና አንድ የሠለጠነ እጅ ይመለስ። በሲሊከን ቫሊ መሣሪያ የምንሠራ፣ የምንጠግን፣ የምናስተካክል ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደለንም። ለዕድርና ለእግር ኳስ ስንሰባሰብ እንደምናውቅበት ሁሉ፣ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል አንድ መሣሪያ ገዝቶ፣ በየዓመቱ አንድ ባለሙያ ልኮ ማስጠገንም እንችላለን። ልጆቻችንም ወደ ሕክምናና ወደ ኮምፒዩተር ብቻ ሳይሆን ወደ ምድር ኬሚስትሪም እንዲያዩ ብንነግራቸው አይከፋም።

ስለ ክርክራችንም አንድ ቃል። የአርዲ ጉዳይ እስከ ዛሬ ተዘግቶ አላለቀም፤ ሁለቱም ወገኖች ግን ሳይጠፋፉ እውቀቱን ወደ ፊት ገፉት። ይህ የሆነው ጠባያቸው ከእኛ ስለተሻለ አይመስለኝም። አስቀድመው በቁናው ስለተስማሙ ነው። እኛም ሦስት ሺህ ነው መቶ ነው ከማለታችን በፊት ምን እንደምንለካ፣ በምን እንደምንለካ፣ ስህተታችንም እስከ ስንት እንደሚደርስ ተነጋግረን ብንጀምር፣ ቢያንስ የምንለያይበትን ቦታ በውል እናውቀው ነበር።

ቸር ይግጠመን።

ኤመሪቪል፣ ካሊፎርኒያ